በውስን ቁጥር የሚሠሩ የቀለም ብዕሮች፦ የትኛው ለማን ይሻላል?

የቀለም ብዕር ለመጻፊያነት ብቻ የሚፈልግ ሰው ከመደበኛዎቹ መካከል ለእጁ የሚስማማውን አንዱን ገዝቶ ዕድሜ ልኩን ሊጽፍበት ይችላል። ሊሚትድ ኤዲሽን እየተባሉ በውስን ቁጥር የሚሠሩትን ብዕሮች የሚመኝ ሰው ግን ከመጻፊያነት በላይ ለሆነ ነገር ነው የሚከፍለው፤ ለባለሙያ እጅ፣ በቀላሉ ለማይገኝ ቁስ፣ የዚያ ብዕር አምሳያ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ እንደማይገኝ በማወቅ ለሚመጣ ደስታ። ይህ ደስታ እውነተኛ ነው፤ እኔም ስለምካፈለው አላጣጥለውም። ይሁን እንጂ ለዚህ ደስታ የሚበቃ ሥራ ያለባቸው ብዕሮችና ከመደበኛው በመልካቸውና በተቀረጸባቸው ቁጥር ብቻ የሚለዩት ብዕሮች በአንድ ስም፣ አንዳንዴም በተቀራረበ ዋጋ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። የዚህ መመሪያ መለኪያ አንድ ነው። ብዕሩ ጥቂት የሆነው ሥራው ራሱ ብዙ እንዲመረት ስለማይፈቅድ ከሆነ ተጨማሪ ዋጋው ምክንያት አለው፤ ጥቂት የሆነው አምራቹ ቁጥር ስለወሰነለት ብቻ ከሆነ ግን ከመደበኛው አቻው ጋር በጥብቅ መመዘን ይኖርበታል።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

ስፔሻል ኤዲሽን ተብሎ የሚቀርብ ብዕር የምርት ብዛቱ ላይገለጽ ይችላል፤ አምራቹ ለአንድ ወቅት ያመርተዋል፣ ገበያው ከወደደው ደግሞ ሊመልሰው ይችላል። ሊሚትድ ኤዲሽን የሚባለው ብዛቱ አስቀድሞ የተነገረና ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ብዕር ተራ ቁጥሩ የተቀረጸበት ነው። ገዢ ለሁለተኛው የሚጠየቀውን ዋጋ ለመጀመሪያው እንዳይከፍል ከሻጩ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ቁጥሩ ምንን እንደሚቆጥር ነው። አንድ ስያሜ ያለው ምርት ሬዚን በሚባል ፕላስቲክ፣ በብርና በወርቅ ተሠርቶ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ጫፋቸው ላይ ተንከባላይ ኳስ ያለባቸው እስክሪብቶዎቹም ለብቻ ይቆጠራሉ። በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚታየው ትንሹ ቁጥር የአንዱ ዓይነት ብቻ ከሆነ ብርቅነቱ የታሰበውን ያህል አይደለም።

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሥራው የሚፈጀው ጊዜ ተሰልቶ ሳይሆን ትርጉም እንዲኖረው ነው። ብዕር አምራቹ ሞንብላን 4,810 የሚለውን ቁጥር የሚወደው የተሰየመበት ተራራ ከፍታ በሜትር ስለሆነ ነው፤ ይኸው ቁጥር በማይስተርሽቱክ ብዕሮቹ ኒብ፣ ማለትም በሚጽፈው የብረት ጫፍ ላይም ተቀርጾ ይገኛል። ሌላው አምራች ላሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባውሃውስ የተባለውን የጀርመን የንድፍ ትምህርት ቤት መቶኛ ዓመት ለማሰብ ያወጣውን ሰማያዊ ብዕር በ1,919 የወሰነው ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበትን ዓመት ለማስታወስ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ውበት አለው፤ ስለ ብዕሩ አሠራር ግን የሚነግረን የለም።

የቁጥር ማነስ ብቻውን ተፈላጊነትን እንደማያመጣ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ከዚያው ከሞንብላን ታሪክ እናገኛለን። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1992 ሁለት ተከታታይ ምርቶችን ጀመረ። ለኪነ ጥበብ ደጋፊዎች መታሰቢያ የሆነው የመጀመሪያው ብዕር በሎሬንሶ ደ ሜዲቺ ስም የወጣ፣ ባለ ስምንት ጎን የብር ልባስ ላይ የተቀረጸ ሲሆን ብዛቱ 4,810 ነበር። ለጸሐፊዎች መታሰቢያ በሆነው ተከታታይ ደግሞ የመጀመሪያው በሄሚንግዌይ ስም ወጣ፤ ቀፎው ብርቱካናማ፣ ክዳኑ ጥቁር ቡናማ የሆነ የሬዚን ብዕር ሲሆን ብዛቱ 20,000 ነበር። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላም ይህ በሃያ ሺህ የተሠራው ብዕር ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አንዱ ሆኖ ቀጥሏል። ቅርጹ ከ1930ዎቹ ትልልቅ ብዕሮች የተወሰደ ነው፣ ሙላቱ ለእጅ ይመቻል፣ መልኩም ሰው የሚጽፍበት እንጂ በሣጥን የሚያኖረው ዕቃ አያስመስለውም። በጥቂት መቶዎች ብቻ ተሠርተው ማንም የማያነሣቸው ብዕሮች በርካታ መሆናቸውን ስናስብ፣ ቁጥርን ከሚመዘኑት ነገሮች መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ተገቢ ይመስለኛል።

መደበኛው ወይስ ውስኑ?

በውስን ቁጥር የሚወጣ ብዕር አብዛኛውን ጊዜ ከነባር ሞዴል ላይ የሚሠራ ነው። ኒቡ፣ ቀለም የሚያመላልሰው ክፍል፣ የመሙያ ዘዴውና መጠኑ ከመደበኛው ጋር አንድ ሆነው የሚለወጠው ውጫዊው ገጽ ብቻ ነው። ላሚ 2000 እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣ ጀምሮ ቅርጹ ሳይለወጥ እየተመረተ ያለ ብዕር ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት ሰማያዊው ውስን ብዕርም የተሠራው ከዚያው ማክሮሎን ከሚባል ፕላስቲክ ሲሆን፣ ኒቡም ያው፣ ቀለም ስቦ የሚሞላው ፒስተኑም ያው ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱን መለየት የሚችል የለም። ስለዚህ በዚህ ጥንድ መካከል የሚመርጥ ሰው በዋጋዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ለመልክና ለመታሰቢያነት ብቻ እንደሚከፍል አውቆ መክፈል አለበት። ለንድፍ ታሪክ ልባዊ ፍቅር ላለው ሰው ይህ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የተሻለ አጻጻፍ ፈልጎ የሚከፍል ሰው ግን ተሳስቷል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው፦ ውስኑን ከመግዛት በፊት በመደበኛው አቻው ይጻፉበት። ከወዳጅ ተውሰውም ቢሆን፣ በሱቅ ውስጥ ቀለም ነክረውም ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ገጽ። ብዕሩ ከበደኝ፣ ክዳኑ የሚታሰርበት ጥርስ ጣቴን ቆረቆረኝ የሚሉ ቅሬታዎች በመጀመሪያው መስመር ላይ አይታዩም፤ የሚታዩት እጅ ሲሞቅና የአጻጻፍ ልማድ ሲመለስ ነው። መደበኛው ያልተስማማው እጅ ውስኑ አይስማማውም።

ከመልክ ይልቅ በቁሱ መነሻ የሚማርኩም አሉ። ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1965 “75” ከተባለው ሞዴሉ የተወሰኑትን የሠራቸው በ1715 በፍሎሪዳ ዳርቻ ከሰጠሙት የስፔን መርከቦች በወጣ ብር ነው። አሠራሩ ከመደበኛው ፓርከር 75 ብዙ አይለይም፤ ማራኪነቱ ያለው ብሩ በባሕር ወለል ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት መቆየቱ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ብዕር ከነሰነዱና ከነሣጥኑ ካልሆነ መግዛት አይገባም፤ ታሪኩ የሚታመነው በማስረጃው ነውና። በሌላ በኩል ያልተለመደ ቁስ ሁልጊዜ በውስን ቁጥር መምጣት የለበትም። የፍሎረንሱ ቪስኮንቲ ከኤትና እሳተ ገሞራ ላቫ ከሬዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራውን ሆሞ ሳፒየንስን በመደበኛ ምርትነት ያቀርባል። ለየት ያለ ቁስ መዳሰስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ተራ ቁጥር ለተቀረጸበት መክፈል ግዴታ አይደለም።

ሥራው የሚታይበት ቦታ፦ ላከር፣ ብረትና ቀፎ

እውነተኛ የእጅ ሥራ ያለበትን ውስን ብዕር ከሌላው የሚለየው የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ይገባል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው የጃፓኑን የኡሩሺ ላከር፣ ማለትም ጠንካራ አንጸባራቂ ቅብና በእሱ ላይ የሚሠራውን ማኪ-ኤ የሚባል የወርቅ ዱቄት ሥዕል ነው። ኡሩሺ ከዛፍ ግንድ በመብጣት የሚገኝ ፈሳሽ ነው። እርጥብ ሳለ ቆዳን የሚያሳብጥና የሚያሳክክ ሲሆን፣ ከጠነከረ በኋላ ግን ጉዳት የለውም፤ ለጣት የሚሰጠው ስሜትም ከየትኛውም ሰው ሠራሽ ቀለም የለሰለሰና የሞቀ ነው። የሚጠነክረው እንደ ተራ ቀለም በደረቅ አየር ሳይሆን እርጥበት ባለበት ሞቃት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስስ ንጣፍ ተቀብቶ፣ ጠንክሮ፣ ተፍቆ ሌላው እስኪቀባ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። ሠዓሊው በቀጭን ብሩሽ ሥዕሉን በላከር ይስልና ከመጥናቱ በፊት በትንሽ ቱቦ የወርቅ ወይም የብር ዱቄት ይነሰንስበታል። ዱቄቱ ከያዘ በኋላ በላዩ ላከር ይደገማል፤ በአንዳንዱ ስልት ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ በላከር ተሸፍኖ እንደገና በከሰል እየተፋቀ እስኪወጣ ድረስ ይሠራል። ሥዕሉ ከገጹ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የሚደረግበት ስልት ደግሞ ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ ይወስዳል። አንድ ብዕር ወራትን የሚፈጅ በመሆኑ ብዛቱ ጥቂት የሚሆነው በሥራው ጠባይ እንጂ በሽያጭ ክፍል ውሳኔ አይደለም። ዛሬ ፓይለት የሚባለው የናሚኪ ኩባንያ ከእንግሊዙ ደንሂል ጋር እ.ኤ.አ. በ1930 ተዋውሎ እንዲህ ያሉ ብዕሮችን ወደ አውሮፓ ገበያ ሲያስገባ፣ በማግስቱ ዓመት ኮኮካይ የተባለው የሠዓሊዎቹ ማኅበር ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬም የአባላቱ ፊርማ በብዕሮቹ ላይ ይገኛል።

ችግሩ ማኪ-ኤ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ በብሩሽ የተሣለ አለመሆኑ ነው። በማተሚያ ወንፊት ሥዕሉ ታትሞ ዱቄት የሚነሰነስባቸው፣ ወይም ሙሉ በሙሉ የታተሙ ብዕሮች አሉ። እነዚህ በዋጋቸው ልክ ከቀረቡ ነውር የለባቸውም፤ ብዙዎቹም ያማሩ ናቸው። ለመለየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ይበቃል። በብሩሽ የተሣለ መስመር ሲጀምርና ሲጨርስ ውፍረቱ ይለያያል፤ ለምሳሌ የወፍ ላባ ከሥሩ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይጠፋል። የወርቁ ብናኞች መጠናቸው ይለያያል፤ በአንዱ ቦታ ጠቅጠቅ ብለው ወደ ጠርዝ እየሳሱ ይሄዳሉ። በታተመው ላይ የመስመሩ ጠርዝ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ከሥሩም በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ብዕሩን በብርሃን ሥር ቀስ አድርጎ ማሽከርከርም ይረዳል፤ የእጅ ሥራው ወርቅ ከአንዱ አቅጣጫ ደመቅ፣ ከሌላው ደብዘዝ ሲል የታተመው ብልጭታው አይለወጥም። ሁለት የተለያየ ቁጥር ያላቸው ብዕሮች ፎቶ ከተገኘ ጎን ለጎን ማስተያየት ከሁሉም የበለጠ ማስረጃ ነው፦ በእጅ የተሣሉ ሁለት ሥዕሎች በቅርንጫፍ መታጠፊያ፣ በቅጠል አቀማመጥ የግድ ይለያያሉ።

በብርና በወርቅ ልባስ ላይ የሚቀረጸውም በተመሳሳይ ዓይን መታየት አለበት። በስለት የተቀረጸ መስመር ግድግዳው የተሳለ ሆኖ ብርሃን ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፤ በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ የወጣ ግን ጠርዙ የተድበለበለና የለዘበ ነው። በግልጽ ኢናሜል (በእሳት የተጋገረ የመስታወት ቅብ) ወይም ላከር ሥር የሚታዩት ሞገድ መሰል መስመሮችም በመቅረጫ ማሽን አንድ በአንድ የተቆረጡ ከሆኑ ከሥር ብርሃናቸው ይንቀሳቀሳል። ገዢው በዚህ ምድብ ሊያስብበት የሚገባው ሌላው ነገር ክብደት ነው። የሬዚን ብዕር 20 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ የብረት ልባስ ያለበት ከዚያ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። ክዳኑ በብር የከበደን ብዕር ክዳኑን ከኋላ ሰክቶ የሚጽፍ ሰው ብዕሩ ወደ ኋላ እየጎተተው ይቸገራል። ረጅም ለሚጽፍ ሰው ላከር ከብረት ይሻላል፤ አልፎ አልፎ ለሚፈርምና ክብደቱን ለሚወድ ሰው ግን ብር የሚሰጠው ግርማ በሌላ አይተካም።

ስለ ቀፎው ቁስ ባጭሩ። ሴሉሎይድ ከሴሉሎስ ናይትሬትና ከካምፈር የሚሠራ ጥንታዊ ፕላስቲክ ነው፤ የመልኩ ጥልቀትና የመዳሰስ ሙቀቱ ዛሬም ወደር አላገኘም። ከመሠራቱ በፊት ለብዙ ወራት መድረቅ ስላለበትና በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ጥቂቶች ብቻ ይሠሩበታል፤ ስለዚህ ጥቂትነቱ ከምር ነው። ሙቀት አይወድም፤ አየር በማያስገባ ሣጥንም መታፈን የለበትም። ኤቦናይት በድኝ የጠነከረ ጎማ ሲሆን ቀላልና ለእጅ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይና ውኃ ጥቁረቱን ወደ ቡናማነት ይለውጡበታል። በሁለቱም ፋንታ ሬዚን የሚመርጥ ሰው ውበቱን በተወሰነ ደረጃ ቢያጣም ከጥንቃቄ ያርፋል።

ኒቡ ከጌጡ ይቀድማል

የትኛውም ጌጥ መጥፎ ኒብን አይክስም። በኒብ ላይ የተቀረጸው 585 ማለት 14 ካራት፣ 750 ማለት 18 ካራት ወርቅ ነው፤ የጃፓኑ አምራች ሴይለር ደግሞ 87.5 በመቶ ወርቅ የሆነ ባለ 21 ካራት ኒብ በመሥራት ይታወቃል። የካራቱ መጨመር አጻጻፍን ያሻሽላል የሚለው እምነት ግን ትክክል አይደለም። ወረቀቱን የሚነካው ወርቁ ሳይሆን በጫፉ ላይ የተበየደችው የጠንካራ ብረት ነጥብ ነች፤ የኒቡ መለመጥም የሚወሰነው በቅርጹና በውፍረቱ ነው። ወርቅ አሲድነት ያለውን ቀለም መቋቋሙ እውነተኛ ጥቅሙ ነው። ስለዚህ በ14 እና በ18 ካራት መካከል ለሚደረገው ምርጫ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ብዙ ትናንሽ አምራቾች ኒባቸውን ከጀርመኖቹ ቦክና ዮቮ ይገዛሉ። እነዚህ ጥሩ ኒቦች ናቸው፤ በቀላሉም ይተካሉ። ነገር ግን አንድ ብዕር በዋጋው የራሱን ኒብ ከሚሠራ ኩባንያ ምርት ጋር እኩል ከተቀመጠ ገዢው ለምን ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ሁለተኛው የመስመር ውፍረት ነው። የጃፓን አምራቾች መካከለኛ የሚሉት ብዙ ጊዜ የአውሮፓውያኑን ቀጭን ያህላል፤ ውስን ብዕሮች ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ውፍረት ብቻ ይመጣሉ። ጥቃቅን አድርጎ የሚጽፍ ሰው ወፍራም ኒብ ያለውን ብርቅ ብዕር ቢገዛ ፊደላቱ ሆዳቸው በቀለም እየተሞላ ይበላሻሉ።

በእጅ የገባን ኒብ ለመመርመር ማጉያውን ከጫፉ ፊት ለፊት መያዝ ነው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ጥርሶች በእኩል ከፍታ መቀመጥ አለባቸው፤ አንዱ ዝቅ ካለ ብዕሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ወረቀቱን ይቧጥጣል። ስንጥቁ ወደ ጫፉ እየጠበበ መሄድ ይኖርበታል። የጫፏ ውስጠኛ ጠርዝ ከመጠን በላይ ተድበልብሎ ከሆነ ኒቡ ልስልስ ብሎ እያለ የመጀመሪያውን ጭረት ይዘላል፤ ይህ ጉድለት በውድ ብዕሮች ላይም ያጋጥማል፣ በባለሙያ መታረሙም የታወቀ ነው። በውስን ብዕር ላይ ግን እርማቱን አምራቹ በዋስትናው ውስጥ እንዲያደርገው መጠየቅ እንጂ ራስ መሞከር አይገባም።

አሞላሉ

ፔሊካን እ.ኤ.አ. በ1929 ለገበያ ያቀረበው ዓይነት ፒስተን ከአንድ ሚሊ ሊትር በላይ ቀለም ይይዛል፤ ኮንቨርተር የሚባለው ተነቃይ የቀለም መያዣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። በየቀኑ ብዙ ለሚጽፍ ሰው ፒስተን ይሻላል። ለሰብሳቢ ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ፦ ኮንቨርተር ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ ብዕሩም በቀላሉ ይታጠባል። የፒስተን ማኅተም ሲያረጅ ብዕሩ መፈታት አለበት፤ ሥዕል የተሣለበትን ቀፎ ማስፈታት ደግሞ ማንም የሚመኘው ነገር አይደለም። ውድ የጃፓን ማኪ-ኤ ብዕሮች ብዙዎቹ በኮንቨርተር መሠራታቸውን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን እንደ ማስተዋል እቆጥረዋለሁ። አልፎ አልፎ የሚጽፍ ሰው የክዳኑን አዘጋግም ይመልከት። የጃፓኑ አምራች ፕላቲነም ስሙን ከፉጂ ተራራ ከፍታ በወሰደው 3776 ሴንቸሪ ብዕሩ ላይ የገጠመው ክዳን ቀለሙን ለ24 ወራት ያህል ከመድረቅ እንደሚጠብቅ ይናገራል፤ በፉጂ ሐይቆች ስም የወጡት ውስን ብዕሮቹም የተሠሩት በዚሁ ሞዴል ላይ ነው።

ትልቅ ኩባንያ ወይስ ትንሽ የእጅ ሥራ ቤት? አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ትንሹ የእጅ ሥራ ቤት የሚሰጠው ነገር በቀጥታ ከሠሪው ጋር መነጋገር፣ የመያዣውን ውፍረትና የቀፎውን ርዝመት ማስለካት፣ ኒቡን ለእጅ አጻጻፍ ማስተካከል ነው። በተመሳሳይ ዋጋ ከትልቅ ኩባንያ የበለጠ የእጅ ሥራ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ትልቁ ኩባንያ በበኩሉ መለዋወጫና የጥገና ክፍል አለው፤ የጠፋ ክዳን የሚተካበት ዕድልም ይኖራል። ይህም ቢሆን ዘላለማዊ ዋስትና አይደለም። በቦሎኛ እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው ኦማስ እጅግ ያማሩ የሴሉሎይድ ብዕሮችን ሲሠራ ኖሮ በ2016 ሲዘጋ፣ ባለቤቶቹ ለጥገና ወደ ግል ባለሙያዎች መሄድ ነበረባቸው። ስለዚህ ብዕሩን የሚሠራው ማንም ይሁን ማን፣ በውስጡ ያለው አሠራር በሌላ ባለሙያ ሊጠገን የሚችል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ከኩባንያው ዝና የበለጠ ዋስትና ይሰጣል።

በሁለተኛ እጅ ገበያ ብዙ ውስን ብዕሮች ከመጀመሪያ ዋጋቸው በታች ይገኛሉ፤ ዋጋቸው የሚጨምረው ጥቂቶቹ ናቸው፣ እነማን እንደሚሆኑ አስቀድሞ መናገርም አስቸጋሪ ነው። ብዕርን ለትርፍ እንዲገዛ ማንንም አልመክርም። ለመጻፍና ለመደሰት ለሚገዛ ግን ይህ ገበያ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሌላው አንድ ጊዜ ቀለም ስለሞላው ብቻ ዋጋው የወረደ ብዕር ለጸሐፊ ምንም አልጎደለበትም። ሲመረመር ግን የክዳኑ ከንፈር ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ መኖሩ፣ ፒስተኑ ሳይከብድ እስከ ዳር መሄዱ፣ በቀፎው ላይ ያለው ቁጥር በምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙ፣ የብሩ ቅርጽ በመወልወል ብዛት አለመደብዘዙ ይታይ። አስመሳይ ብዕር ሠሪዎች ብዙ ጊዜ አንድን ቁጥር በሁሉም ላይ ስለሚደግሙ፣ ያው ቁጥር በሌላ ሻጭ ፎቶ ላይም ከታየ ግዢውን መተው ነው። የኒቡ ቅርጽ ጥልቀት የሌለው፣ ፊደላቱም የተንሸዋረሩ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይጻፍበት ወይስ ይቀመጥ?

ብዕሩን ሳይነኩት ማስቀመጥ የመሸጫ ዋጋውን ይጠብቃል፤ ይህን የመረጠ ሰው ከብርሃን፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ይጠብቀው፣ ሴሉሎይድን ከሌሎች ብዕሮች ለይቶ አየር በሚያገኝበት ያኑረው። የእኔ ምርጫ ግን መጻፍ ነው። በኡሩሺ የተሠራ ብዕር በእጅ ሲያዝ ድምቀቱ ይጨምራል፤ ብርም በየቀኑ ከተያዘ ታጥኖ እንደጠቆረ ዕቃ አይደበዝዝም። ለእንዲህ ያለ ብዕር በውኃ በቀላሉ የሚታጠብ ተራ ቀለም ይመረጥ፤ ብልጭልጭ ብናኝ ያለበት፣ ደርቆ የማይለቅ ወይም ብረት ያለበት ጥንታዊ ዓይነት ቀለም በርካሽ ብዕር ይሞከር። ቀለም ሲቀየርና ብዕሩ ሥራ ሳይኖረው ሊቆይ ሲል ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይታጠብ፤ ሙቅ ውኃና አልኮል ከላከርም ከሴሉሎይድም ይራቁ። የኤቦናይት ቀፎ ያለበትን ብዕር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ መንከር አይገባም፤ ኒቡን ብቻ አስጠግቶ ማጠብ፣ ከዚያም ወዲያው በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል።